የማድ ቤቷ ሊቅ፣ አግነስ ፖክልስ

የሥነ ሕይወትን ትምህርት የጀመረ ሁሉ ሕዋስ ያለ ሽፋን እንደማይኖር ያውቃል። ሽፋኑ በውስጥና በውጭ መካከል የቆመ ድንበር ነው፤ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይከለክላል። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶ ሺህኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የተሠራውም በአብዛኛው ከሁለት ረድፍ የስብ ሞሌኪውሎችና በእነርሱ መካከል ከተሰገሰጉ ፕሮቲኖች ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይህ ድንበር እንደ ግንብ የደረቀ አለመሆኑ ነው። ሽፋኑ ፈሳሽ ነው፤ ሞሌኪውሎቹ በቆሙበት ረግተው አይቀሩም፣ እርስ በርሳቸው እየተላለፉ ሲንሸራተቱ ይኖራሉ።

ይህን ነገር በመጽሐፍ ስናነበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ውስጥ የተገኘ ይመስለናል። ነገር ግን ወደዚህ እውቀት ካደረሱት መሣሪያዎች አንዱና ዋነኛው የተጠነሰሰው በአንዲት የጀርመን ከተማ፣ በአንድ ቤተ ሰብ ማድ ቤት ውስጥ ነው። ያሰበችውም ሴት በመሆኗ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያልተፈቀደላት ልጅ ነበረች። ስሟ አግነስ ፖክልስ ይባላል። የፈሳሽን ገጽ በሚመረምሩ ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የታወቀና የተከበረ ነው። በእኛ መካከል ግን የሽፋኑን ነገር ለፈተና የሚያጠኑ ብዙዎች ሲሆኑ የእርሷን ታሪክ የሚያውቁ ጥቂቶች ስለ መሰሉን፣ ሕይወቷን ባጭሩ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

አግነስ የተወለደችው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1862 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ ነው። ቬኒስ በዚያን ጊዜ በአውስትሪያ ግዛት ሥር ስለ ነበረች አባቷ ቴዎዶር ፖክልስ በአውስትሪያ ጦር ውስጥ ያገለግል ነበር። በሰሜን ኢጣልያ የወባ በሽታ ነበረና አባትየው በዚሁ ደዌ ተጐድቶ ከጦር አገልግሎት ያለ ጊዜው ተሰናበተ። በ1871 ቤተ ሰቡ ወደ ብራውንሽቫይግ ከተማ ተዛወረ፤ አግነስም ከዚያች ከተማ ሳትለይ ዕድሜዋን ፈጸመች።

በብራውንሽቫይግ የከተማው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። ከትምህርቱ ሁሉ ልቧን የሳበው ፊዚክስ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱን ስትጨርስ መንገዱ በዚያው ተቋረጠ፤ በዘመኑ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን በተማሪነት አይቀበሉም ነበርና። ሦስት ዓመት የሚያንሳት ወንድሟ ፍሪድሪሕ ግን ወደ ጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፊዚክስ አጠና፤ በኋላም በመስኩ ስመ ጥር ሊቅ ሆነ። ከአንድ አባትና እናት ተወልደው፣ በአንድ ማዕድ አድገው፣ አንዱን ዓይነት እውቀት የወደዱ ሁለት ልጆች እንዲህ በመንገድ ተለያዩ። ወንድምየው ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ እኅትየው ወደ ማድ ቤት።

ማድ ቤት መግባቷ እንዲያው ለይስሙላ አልነበረም። ወላጆቿ ሁለቱም ሕመምተኞች ስለ ነበሩ እነርሱን ማስታመም፣ ምግብ ማብሰል፣ ዕቃ ማጠብና ቤቱን ማስተዳደር የእርሷ ሥራ ሆነ። የራሷም ጤንነት ደካማ ነበር። እንዲህም ሆኖ ማንበቧን አልተወችም። መጀመሪያ በአንዲት አነስተኛ የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻዋን ትማር ነበር፤ ከ1883 ጀምሮ ግን ወንድሟ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍቱን እየላከላት ሒሳቡንና ፊዚክሱን በራሷ ጥረት አጠናች።

ዕቃ ያጠበ ሰው ሁሉ የሚያየውን ነገር አግነስም አየች። ቅባት ያለበት ድስት ውሃ ውስጥ ሲገባ በውሃው ገጽ ላይ ስስ ቅባት ይሰፋል፤ ሳሙና ሲጨመርበት ደግሞ ገጹ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ውሃውን ይደፋዋል። እርሷ ግን በአሥራ ስምንት ዓመቷ ገደማ ይህን ነገር መጠየቅ ጀመረች። ጥያቄዋም ቅባቱ በውሃው ገጽ ላይ ምን ያደርጋል፣ የሚያደርገውስ ምን ያህል ነው የሚል ነበር። ሳይንስ የሚጀምረው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ፣ በመጠኑ ነው።

ነገሩ እንዲገባን ስለ ውሃ ገጽ ጥቂት እንበል። የውሃ ሞሌኪውሎች እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ። በመካከል ያለው ሞሌኪውል ከየአቅጣጫው እኩል ሲሳብ፣ በገጹ ላይ ያለው ግን ከበላዩ የሚስበው ስለሌለ ወደ ውስጥና ወደ ጎን ብቻ ይሳባል። ስለዚህ የውሃው ገጽ እንደ ተወጠረ ከበሮ ይሆናል፤ ትንንሽ ነፍሳት በኩሬ ላይ ሳይሰጥሙ የሚሄዱት በዚህ ውጥረት ነው። ቅባት በገጹ ላይ ሲያርፍ ውጥረቱ ይላላል። ይህ ሁሉ ከእርሷ በፊት ይታወቅ ነበር። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በእንግሊዝ አገር በአንድ ኩሬ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት አፍስሶ ሰፊ ውሃ ጸጥ ሲል እንዳየ በ1774 ታትሞ ወጥቷል። የጐደለው መለኪያ ነበር።

መለኪያውን አግነስ በ1882፣ በሃያ ዓመቷ ሠራችው። ርዝመቱ 70 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 5፣ ጥልቀቱ 2 ሴንቲሜትር የሆነ የቆርቆሮ ገንዳ ወስዳ እስከ አፉ ውሃ ሞላችበት። በገንዳው ላይ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ወርድ ያላት ቀጭን ቆርቆሮ አጋድማ፣ የታችኛው ፊቷ ውሃውን እንዲነካ አደረገች። ይህች ቆርቆሮ የውሃውን ገጽ እንደ አጥር ለሁለት ትከፍለዋለች። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስትገፋ በአንዱ ወገን ያለው ገጽ ይጠብባል፣ በሌላው ይሰፋል። ውጥረቱን ለመለካት ደግሞ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያላት፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ዝርግ ከሚዛን ጋር አያይዛ፣ ከውሃው ገጽ ለመላቀቅ ምን ያህል ክብደት እንደሚያስፈልጋት ትመዝን ነበር።

መሣሪያው ይኸው ነው። ዋጋው ከቆርቆሮ ዋጋ አያልፍም። ነገር ግን በውስጡ ሁለት ታላላቅ አሳቦች አሉ። አንደኛው፣ ቆርቆሮዋን በገጹ ላይ በመጥረግ ከማንኛውም እድፍ የጸዳ የውሃ ገጽ ማግኘት መቻሉ ነው፤ ከእርሷ በፊት የነበሩት መርማሪዎች ውጤታቸው አልገጥም እያለ ያስቸገራቸው አንዱ ምክንያት በዓይን የማይታይ ቅባት ነበር። ሁለተኛው፣ የቅባቱን መጠን ሳይለውጡ የሚያርፍበትን ስፍራ ብቻ ማስፋትና ማጥበብ መቻሉ ነው። በኋላም በውሃ የማይሟሟውን ነገር ቶሎ በሚተን ፈሳሽ አሟሙታ፣ በገጹ ላይ ጠብ እያደረገች የተለካ መጠን ማሳረፍን ፈለሰፈች።

ያገኘችው ነገር ይህ ነበር። የቅባቱ ስፍራ ሰፊ በሆነ ጊዜ ውጥረቱ ከንጹሕ ውሃ ውጥረት እምብዛም አይለይም፤ ቅባቱ የሌለ ያህል ነው። ቆርቆሮዋ እየተገፋች ስፍራው ሲጠብ ለጥቂት ጊዜ ለውጥ አይታይም። አንድ የተወሰነ ልክ ላይ ሲደርስ ግን ውጥረቱ በድንገት መውደቅ ይጀምራል። ይህ ልክ በዛሬው አነጋገር ሞሌኪውሎቹ ትከሻ ለትከሻ የሚነካኩበት፣ ከዚያ ወዲያ ክፍት ስፍራ የማይቀርበት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የፖክልስ ነጥብ እያሉ ይጠሩታል።

ከ1882 በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ግኝት ከቤት አልወጣም። አግነስ ፕሮፌሰር አልነበረችም፤ ጽሑፏን የሚቀበላት መጽሔት፣ ውጤቷን የሚሰማት ማኅበር አልነበራትም። የልኬቷን ቁጥር እየመዘገበች ከወላጆቿ መድኃኒትና ከእራት መሰናዶ መካከል ሥራዋን ቀጠለች። በመጨረሻ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ስለ ውሃ ገጽ እንደሚመራመር ሰማች። ሬይሊ በዘመኑ ከነበሩት የፊዚክስ ሊቃውንት ታላቁ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በኋላ በ1904 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ምርምሩ እርሷ ከዓመታት በፊት የሄደችበትን መንገድ የሚከተል ሆኖ ስላገኘችው በጃንዋሪ 10 ቀን 1891 በጀርመንኛ ረዥም ደብዳቤ ጻፈችለት። ስለ ሁኔታዋ ሳትሸሽግ፣ መጽሔት ላይ ለማውጣት አቅም የሌላት መሆኗን ገልጻ፣ መሣሪያዋንና ውጤቷን ዘርዝራ ላከችለት።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁለት ዓይነት መጨረሻ ሊኖረው ይችል ነበር። ሬይሊ ደብዳቤውን አንብቦ ዝም ሊል ወይም አሳቡን ወስዶ የራሱ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ አንዲት የማትታወቅ የቤት ልጅ ማን ይሰማታል? እርሱ ግን ጀርመንኛውን ባለቤቱ ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልሰው አድርጎ፣ በራሱ ስም መሸኛ ጽፎ፣ ኔቸር ለተባለው ለታወቀው የሳይንስ መጽሔት ላከው። ደብዳቤው በማርች 12 ቀን 1891 በአግነስ ፖክልስ ስም ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ በ1892ና በ1894 ሌሎች ጽሑፎቿ በዚያው መጽሔት ታተሙ፤ በጀርመን መጽሔቶችም መጻፍ ቀጠለች። በ1899 ሬይሊ ራሱ ልኬቶቹን መርምሮ፣ ውጥረቱ መውደቅ የሚጀምርበት ልክ ቅባቱ በአንድ ሞሌኪውል ውፍረት ብቻ ገጹን የሚሸፍንበት መሆኑን አስረዳ። የሞሌኪውል መኖር ራሱ ገና በሚያከራክርበት ዘመን፣ የሞሌኪውልን ቁመት በቆርቆሮ ገንዳ መለካት ተቻለ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሕይወቷ ታሪክ ደስታና ኀዘን የተደባለቀበት ነው። ወላጆቿ ባረጁ ቁጥር የማስታመሙ ሥራ እየከበደ ሄደ። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ለሴቶች ሲከፍቱ፣ ባደን በ1900፣ ፕሩስያ ደግሞ በ1908፣ ለእርሷ ጊዜው አልፎ ነበር፤ በ1908 ዕድሜዋ አርባ ስድስት ዓመት ሆኗል። በሩ መከፈት ከጀመረም ወዲያ በወላጆቿ ፈቃድ ምክንያት አልገባችም። በ1913 ወንድሟ ፍሪድሪሕ ሞተ። ለእርሷ የሞተው ወንድም ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፍና የሳይንስ ወሬ የሚያመጣላት መልእክተኛዋም ሞተ። በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ከውጭው ሊቃውንት ጋር የነበራት ግንኙነት ተቋረጠ። የምርምር ሥራዋም ከዚያ ወዲያ እጅግ ቀነሰ።

እርሷ በብራውንሽቫይግ ጸጥ ብላ ስትኖር መሣሪያዋ ግን ጉዞውን ቀጠለ። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ላንግሙር ገንዳውን አሻሽሎ፣ የቅባቱን ግፊት በቀጥታ እንዲለካ አድርጎ፣ በ1917 ባወጣው ጽሑፍ ሞሌኪውሎቹ በገጹ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ አሳየ። የስብ ሞሌኪውል ውሃ የሚወድ ራስና ውሃ የሚሸሽ ጅራት አለው፤ ራሱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ እንደ ሰልፈኛ ይደረደራል። ላንግሙር ስለ ገጽ ኬሚስትሪ ባደረገው ምርምር በ1932 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ገንዳውም ዛሬ በብዙ ስፍራ በላንግሙር ስም ይጠራል።

ከቆርቆሮው ገንዳ ወደ ሕያው ሕዋስ የተሻገሩት ሁለት የሆላንድ ሰዎች ናቸው። ቀደም ብሎ በ1890ዎቹ ዓመታት ኤርነስት ኦቨርተን በዙሪክ ባደረገው ምርምር፣ በስብ የሚሟሟ ነገር ወደ ሕዋስ ቶሎ እንደሚገባ አይቶ የሕዋሱ ድንበር ስብ መሰል ነው ብሎ ነበር። ስቡ ምን ያህል ነው ለሚለው ግን መልስ አልነበረም። በ1925 በላይደን የሕፃናት ሐኪም የነበረው ኤቨርት ጎርተር ከረዳቱ ከግሬንደል ጋር ከሰውና ከልዩ ልዩ እንስሳት ቀይ የደም ሕዋሶችን ወሰደ። ስባቸውን አውጥተው በገንዳው ውሃ ላይ አሳርፈው በአጥሩ እየገፉ፣ ሞሌኪውሎቹ ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ የሚይዙትን ስፍራ ለኩ። ስፍራው የሕዋሶቹን ገጽ ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ስቡ ሕዋሱን የሚሸፍነው በአንድ ሳይሆን በሁለት ረድፍ ነው አሉ። በውስጥም በውጭም ውሃ ስላለ ራሶቹ ወደ ሁለቱ ውሃዎች ይዞራሉ፤ ጅራቶቹ በመካከል ተሸሽገው ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በሥራቸው ሁለት ስሕተት ነበረበት፤ ስቡን ሁሉ አሟጥጠው አላወጡትም፣ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ገምተዋል። ነገር ግን አንዱ ስሕተት ሌላውን ስላካካሰው የደረሱበት መደምደሚያ እውነት ሆኖ ጸና።

አግነስ ፖክልስ ክብሯን ያገኘችው በእርጅናዋ ነው። በ1931 የጀርመን የኮሎይድ ማኅበር ከፈረንሳዊው ሄንሪ ዴቮ ጋር የላውራ ሌዎናርድን ሽልማት ሰጣት። በ1932፣ ሰባ ዓመት በሞላት ጊዜ፣ የብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የክብር ዶክትሬት አበረከተላት። ሳታገባ ኖራ፣ በኖቬምበር 21 ቀን 1935 በሰባ ሦስት ዓመቷ ዐረፈች። በዚያው ዓመት ዳኒዬሊና ዴቭሰን የተባሉ ሁለት መርማሪዎች ፕሮቲንን ከስቡ ጋር አጣምረው የሕዋስ ሽፋን አሠራር ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ አሳብ አወጡ።

የሽፋኑ ፈሳሽነት የተገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ1970 ፍራይና ኤዲዲን የሰውንና የአይጥን ሕዋስ አዋሕደው አንድ አደረጓቸው። የሁለቱን ፕሮቲኖች በሁለት ቀለም ምልክት አድርገውባቸው ሲመለከቱ መጀመሪያ ግማሹ ወገን አንድ ቀለም፣ ግማሹ ሌላ ቀለም ነበር። በ37 ዲግሪ ሙቀት ከ40 ደቂቃ ያህል በኋላ ግን ሁለቱ ቀለሞች በመላው ሽፋን ላይ ተቀላቀሉ፤ በብርድ ጊዜ ግን መቀላቀሉ ቀረ። በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን ይህንና ሌላውንም ማስረጃ ሰብስበው፣ ፕሮቲኖች በፈሳሽ ስብ ውስጥ እንደሚንሳፈፉ የሚገልጸውን ዛሬ የምንማረውን ንድፍ አቀረቡ።

ፈሳሽነቱ የሚመጣው ከጅራቶቹ ነው። ቀጥ ያሉ ጅራቶች ተጠጋግተው ይረጋሉ፤ የጐበጡት ግን መጠጋጋት ስለማይችሉ ይፈሳሉ። ቅቤ በደጋ ብርድ ሲረጋ የኑግ ዘይት ሳይረጋ የሚቀረው ለዚህ ነው። ብዙ ሕዋሶችም ብርድ ሲመጣ የጐበጡትን ጅራቶች በማብዛት ሽፋናቸው እንዳይደርቅ ያደርጋሉ፤ በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ኮሌስትሮል ከመጠን በላይ መርጋትንም ሆነ መላላትን ይገታል። ሞሌኪውሎች ምን ያህል ሲቀራረቡ ጠባያቸው ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ግን ቆርቆሮዋን በገንዳው ላይ ስትገፋ የነበረችው ልጅ ጥያቄ ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ አንዳንድ ሰዎች፣ ተሰጥኦ ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ባይገባም ከግቡ ይደርሳል ብለው ይደመድሙ ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ አንመለከተውም። አግነስ ፖክልስ የደረሰችበት የደረሰችው ስለ ተከለከለች ሳይሆን ብትከለከልም ነው። ዘጠኝ ዓመት የተደበቀው ልኬት፣ ከ1913 በኋላ ጸጥ ያለው ገንዳ፣ ሳይጻፉ የቀሩት ጽሑፎች፣ እነዚህ ሁሉ የበሩ መዘጋት ያስከፈለው ዋጋ ናቸው። እርሷ ቢያንስ መጽሐፍ የሚልክላት ወንድምና ስሙን የሚያውስላት ሎርድ አግኝታለች። ሁለቱም በበሩ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም በእጃቸው ያለውን ለብቻቸው አላደረጉትም። እንዲህ ያለ ሰው ሳያገኙ የቀሩትን ሴቶች ስም ግን ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኛ የሚተወው ሥራ አለ። እኛ በበሩ ውስጥ ነን። ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው ቤት ውስጥ አንዲት እኅት ወጡን ስትሠራልን፣ ዕቃውን ስታጥብልን ነው። የፈተናው ሰሞን ካለፈ በኋላ መጽሐፋችንን በሣጥን ከምንቈልፍበት ለእርሷ ብናውሳት፣ የምትጠይቀንንም ጥያቄ እንደ ሎርድ ሬይሊ ከቁም ነገር ቈጥረን ብንሰማት፣ ሌላ ትርፍ ባይገኝ ዕዳችንን ከፈልን ማለት ነው። ድንበር ያለው ሕዋስ የሚኖረው ድንበሩ ፈሳሽ ሆኖ የሚገባውን ሲያስገባ ነው፤ ድንበሩ ሲደርቅ ውስጡ ይሞታል። ዩኒቨርሲቲም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም።